ጋሽ ማዳልቾና ሁለቱ መስመሮች

የጋሽ ማዳልቾን ሞት የሰማሁት ከሞቱ በሰባተኛ ወራቸው ነው። ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ሞት ከእኔ ብቻ ተደብቆ ነበር። እኛ ዘንድ ውጭ አገር ላለ ሰው፣ በተለይ ለተማሪ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም። «ብቻዋን ናት፤ ማን ይይዛታል? ትምህርቷን ጥላ ብትመጣስ?» ይባልና ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ አፉን ይለጉማል። እኔ ኖርዌይ ሆኜ በየሳምንቱ እደውላለሁ። «ጋሽ ማዳልቾ እንዴት ናቸው?» እላለሁ። እናቴ «ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሻል» ትለኛለች። እኔም «አንቺም ሰላም በይልኝ» ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ።

ሶዶ በገባሁ በማግስቱ ጠዋት አጎቴና ሁለት ጎረቤቶቻችን ገና ቁርስ ሳይቀርብ ገብተው፣ ሰላምታቸውን በልኩ ሰጥተው፣ ጥግ ይዘው ሲቀመጡ ነው ነገሩ የገባኝ። ያን ቀን ካለቀስኩት የተናደድኩት ይበልጣል። ንዴቱ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም፤ ምክንያቱን እየቆየሁ እናገራለሁ።

ጋሽ ማዳልቾ ዘመዴ አይደሉም። ከአረካ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የእንሰት ሙከራ ማሳ ላይ የመስክ ቴክኒሽያን ነበሩ። ትምህርታቸው ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። እኔ ደግሞ ማስተርሴን ህንድ ሠርቼ፣ ዶክትሬቴን ሀንጋሪ ጀምሬ፣ የላብራቶሪውን ክፍል ኖርዌይ እየጨረስኩ ያለሁ ሰው ነኝ። ያስተማሩኝን ፕሮፌሰሮች ስም ልዘርዝር ብል አንድ ገጽ አይበቃኝም። «ማን አስተማረሽ?» ስባል ግን አፌ ላይ ቀድሞ የሚመጣው የእሳቸው ስም ነው።

ቀጭን፣ ረዥም፣ አንገታቸውን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ዘንበል የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። አንገታቸው የተጣመመው የእንሰት ቅጠል ከሥር ሲያዩ ኖረው ነው እያልን እናሾፍባቸው ነበር። ኮፍያቸው ላይ እርሳስ ይሰካሉ፤ እስክሪብቶ አይወዱም፣ ዝናብ ያጠፋዋል ይላሉ። ወሬም ይሁን የሥራ ጉዳይ ሲነገራቸው መልሳቸው አንድ ነው። «አይተህ ነው ሰምተህ?» በእሳቸው አማርኛ ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነበር። ቤታቸው የሚነገረው ወላይትኛ ነው፤ አማርኛን የሚያወጡት ለቢሮና ለእኛ ለተማሪዎች ነው። «ሰምቼ ነው» ያላቸው እንደሆነ «ቆይ ልይ» ብለው ኮፍያቸውን አስተካክለው ይነሳሉ። «አለቃው ከአዲስ አበባ መጣ» ሲባሉ እንኳ በር ድረስ ሄደው መኪናውን በዓይናቸው አይተው ነው የሥራ ልብሳቸውን የሚቀይሩት።

መጀመሪያ ያገኘኋቸው የመጀመሪያ ዲግሪዬን የመመረቂያ ጽሑፍ ልሠራ ማሳው ላይ የተመደብኩ ጊዜ ነው። ቦዲቲ ተወልጄ፣ ሶዶ አድጌ፣ እንሰት አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ሥራዬ ቀላል ነው። በየመስመሩ እየሄዱ እያንዳንዱን ተክል አይቶ «ጤነኛ»፣ «የጠወለገ»፣ «የሞተ» ብሎ መመዝገብ። ለማያውቅ ሰው፣ አጠውልግ የሚባል የእንሰት በሽታ አለ። ቅጠሉን ከመሐል ጀምሮ ያደርቀዋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ዝልግልግ ነገር ያወጣል፤ መድኃኒት የለውም። እንሰት ደግሞ ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ አራት አምስት ዓመት ይፈጃል። ጓሮው የጠፋበት ቤት እንደገና ጓሮ እስኪያበቅል ልጆቹ ያድጋሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሁለት መስመር ሲቀረኝ ከዳሞታ ተራራ በኩል ጥቁር ዝናብ መጣ። ሮጬ ዳስ ውስጥ ገባሁ። ዝናቡ አላቆም አለ፤ ሚኒባሱ ሊያመልጠኝ ነው። ባለፈው ሳምንት እነዚያ መስመሮች ደህና ነበሩ፣ በሳምንት ምን ይሆናሉ ብዬ «ጤነኛ፣ ጤነኛ፣ ጤነኛ» እያልኩ ሞላሁትና ወደ ሶዶ ተሳፈርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ማዳልቾ መዝገቡን ይዘው ጠሩኝ። እስከ መጨረሻው መስመር ወሰዱኝና አሥረኛው ተክል ቦታ ላይ ቆሙ። ተክል የለም። ጉድጓድ ነው ያለው። ከሦስት ቀን በፊት ታሞ ስላገኙት ራሳቸው ነቅለው ቀብረውታል።

«ይሄ ጤነኛ ነው?» አሉኝ።

ያ ጉድጓድ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ይጮኹብኛል፣ ለአማካሪዬ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ከኮፍያቸው እርሳሱን አውጥተው ሰጡኝ።

«ዝናብ ከመጣ 'ዝናብ መጣ፣ አላየሁም' ብለህ ጻፍ። ምን ችግር አለው? ወረቀት 'አላየሁም' ብትለው ይችላል። ውሸት ነው የማይችለው።»

ላጲስ ፈለግኩ። እጄን ያዙኝ። «አትደምስስ። በላዩ አንድ መስመር አስምርና ከጎኑ ትክክለኛውን ጻፍ፤ ቀን አድርግ፣ ፈርም። ስህተትህ ይነበብ። ነገ ሌላ ሰው ሲያየው የት እንደተሳሳትክ ያውቃል።» ያንን ገጽ መስመር በመስመር ማረም ጀመርኩ። እሳቸው አጠገቤ ቁጢጥ ብለው እስክጨርስ ጠበቁኝና፣ «በል ታ ናኤ፣ አሁን እንይ» አሉ። ታ ናኤ ማለት በወላይትኛ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ ቀን በፊት ብለውኝ አያውቁም ነበር።

ሰው ስህተቱን ሲያምን ብዙ አይቻለሁ፤ ተገዶ፣ ተይዞ፣ ወይ ደግሞ በጓሮ በር እየዞረ። ጋሽ ማዳልቾ ሲያምኑ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ቦዲቲ አካባቢ አንድ ቤት እንሰት የሚፋቅበት ቀን ነበር። የሰፈር ሴቶች ተሰብስበው ቆርጠው፣ ፍቀው፣ ጨምቀው፣ ቀን ሙሉ እየዘፈኑ ይሠራሉ። እኔና ጋሽ ማዳልቾ ናሙና ልንወስድ ሄደን ነው የደረስንባቸው። አንድ ቢላ ከእጅ እጅ ይዞራል፤ ከዚህ ጓሮ ቆርጦ እዚያ ጓሮ ይሄዳል። እሳቸው ገብተው ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ «ይሄ ቢላ እሳት ይንካው፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሄድ ሁሌ እሳት ይንካው» አሉ። በሽታው በቢላ እንደሚተላለፍ ሊያስረዱ ነው። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዷ ወፍራም ሴትዮ «ማዳልቾ ሥጋ ቢያጣ ቢላ ሊጠብስልን ነው!» ስትል እኔም ስቄያለሁ፤ አልደብቅም።

እሳቸው ሳቁ እስኪበርድ ቆሙ። ከዚያ በወላይትኛ፣ ጮክ ብለው፣ «የእህቴን ጓሮ የጨረስኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ወጣት ሳሉ የታመመ እንሰት በቆረጡበት ቢላ እህታቸውን ሊያግዙ ሄደው የእሷን ቆርጠዋል። በዓመቱ ጓሮው ባዶ ሆነ። እህትየው አምስት ልጆች ይዛ፣ ከጓሮዋ የምታወጣውን ቆጮ ከገበያ ለምና ገዝታ ኖረች። «ማንም አያውቅም ነበር። እሷ እርግማን መስሏት ነበር። እኔ ምክንያቱን የዛሬ ስንት ዓመት ሥልጠና ላይ ስማር፣ በማግስቱ ሄጄ 'እጄ ነው' አልኳት» አሉ። ይህን የሚሉት ሠላሳ ከሚሆኑ ሴቶች መሐል ቆመው ነው። በእኛ አገር አንድ ሽማግሌ ሰው፣ የመንግሥት ሥራ ያለው፣ በሴት ፊት እንዲህ አይናገርም። የቀለደችው ወፍራም ሴትዮ ናት ብድግ ብላ ፍም ያመጣችው።

ወደ አረካ ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ «እህትዎ ምን አሉ?» አልኳቸው።

«ሁለት ዓመት አላናገረችኝም።»

«ታዲያ ባይነግሯቸው አይሻልም ነበር?»

አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩኝ። «ቢላዋ እኮ እሷ ቤት ነበረ» አሉ። መልሱ የገባኝ ባጃጁ አረካ ሲደርስ ነው። ባይነግሯት ኖሮ በዚያው ቢላ አዲሱንም ጓሮ ትቆርጥበት ነበር።

ህንድ ልሄድ መሆኑን የነገርኳቸው ዕለት፣ «እንሰት አላቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የላቸውም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ትማራለህ?»

«ባክቴሪያ።»

«ባክቴሪያማ እዚህም ሞልቷል» ብለው ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ምክርም ምርቃትም ሳይሰጡኝ ወደ ሥራቸው ሄዱ። ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር።

«ውጭ አገር መማር እንዴት ነው?» ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለ ብርዱና ስለ ምግቡ እንድነግራቸው ይፈልጋሉ። ብርዱ ይለመዳል። የማይለመደው፣ አገር በለወጥክ ቁጥር እንደገና ሕፃን መሆን ነው። በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት አታውቅም፤ ምድጃው እንዴት እንደሚበራ አታውቅም፤ ቆሻሻ የት እንደሚጣል አታውቅም። ህንድ ሄጄ ሕፃን ሆንኩ፤ ሀንጋሪ ስሄድ የህንዱ ዕውቀቴ ምንም አልረባኝም፤ ኖርዌይ ስደርስ ደግሞ ከዜሮ። ብዙ ጓደኞቼ ይህን መደበቅ ይይዛሉ። ያልገባቸውን እንደገባቸው፣ ያላዩትን እንዳዩት። እኔ በተፈጥሮዬ ከእነሱ የባስኩ አስመሳይ ነበርኩ፤ ያ ጉድጓድ ነው ያዳነኝ።

ህንድ ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። የሁላችንም ናሙና ተበላሸ። ጓደኞቼ ከቀደመው ቀን ተነስተው ቁጥር ሞሉ። እኔ «መብራት ስለጠፋ አላየሁም» ብዬ ጻፍኩ፤ የአረካው አማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ተገልብጦ ነው። መምህራችን መዝገቦቹን ሰብስቦ ሲያነብ የእኔ ላይ ቆመና ለረዥም ጊዜ አየው። ሌላውን ሁሉ «እንደገና ሥሩ» ብሎ መለሰ። የእኔ ላይ ግን ፈረመ። ያኔ ነው ጋሽ ማዳልቾ ያልመረቁኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ፤ ስንቁን ቀደም ብለው ሰጥተውኛል።

ሀንጋሪ ደግሞ ኤርዢ የምትባል፣ ጡረታ ልትወጣ ጥቂት የቀራት፣ የዩኒቨርሲቲውን የመስታወት ቤት እጽዋት የምትንከባከብ ሴትዮ አገኘሁ። የጋራ ቋንቋ የለንም። ግድግዳው ላይ ሙቀቱን የሚያሳይ ዘመናዊ መሣሪያ ተሰቅሏል፤ እሷ ግን በየጠዋቱ የራሷን አሮጌ ቴርሞሜትር ይዛ ገብታ፣ ቁጥሩን አይታ፣ በእርሳስ ትጽፋለች። በእርሳስ! ቅዳሜ በስልክ ለጋሽ ማዳልቾ ስነግራቸው «እሱ ሰው ጎበዝ ነው፣ ሰላም በልልኝ» አሉ። በምልክት ነገርኳት፤ ምን እንደተረዳች እንጃ፣ ግን እጄን ጨብጣ ጉንጬን ሳመችኝ።

የምንነጋገረው በታናሽ ወንድሜ በበረከት ስልክ ነበር። የእሳቸው ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ኢንተርኔት አያውቅም። ቅዳሜ ሶዶ ገበያ ሲመጡ በረከት የሚሠራበት የፎቶ ኮፒ ሱቅ ጎራ ይላሉ፤ እሱ ያገናኘናል። ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው፣ ድምፃቸው በራሱ ኖርዌይ የሚደርስ ይመስል ይጮኻሉ። ሌላው ሰው «ብርዱ እንዴት ነው? መቼ ትመጫለሽ?» ይለኛል። እሳቸው «በዚህ ሳምንት ምን አየህ?» ነው የሚሉት። ምንም ያላየሁበት ሳምንት ቅዳሜን እፈራ ነበር።

አሁን ወደ ንዴቴ ልመለስ። የዶክትሬቴ ሥራ የተመሠረተው በዚያው የአረካ ማሳ ላይ ነው። ጋሽ ማዳልቾ ብዙ የእንሰት ዝርያዎች በየመስመሩ ተክለው ነበር። በሰባተኛውና በስምንተኛው መስመር ያሉት ሁለት ዝርያዎች በችግኝነታቸው መንታ ናቸው፤ የሚለዩት ሲያድጉ ነው። በሽታው ሲገባ የሰባተኛው መስመር ቆመ፣ የስምንተኛው አብዛኛው አለቀ። ስለዚህ በማሳው የተከላ ካርታ መሠረት ሰባተኛው ላይ የተመዘገበው ዝርያ ጠንካራ ነው ብዬ ጻፍኩ። የጽሑፌ ልብ ይህ ነው። ውጤቱን ተከትሎ የዚያ ዝርያ ችግኝ ከሌላ ጣቢያ ተባዝቶ ቦዲቲ አካባቢ ላሉ ገበሬዎች ሊከፋፈል ታስቦ ነበር።

ጥር ላይ፣ ፀሐይ በዘጠኝ ሰዓት በምትገባበት በዚያ አገር፣ ከማሳው ይዤው የሄድኩትን ደረቅ ቅጠል በላብራቶሪ ከሌላ ቦታ ከመጣ ናሙና ጋር ሳነጻጽር ሰባትና ስምንት ተገለባብጠው አገኘኋቸው። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ እኔ ቅጠሎቹን በየከረጢቱ ስከት አቀያይሬያለሁ፤ ያ ከሆነ ቀላል ነው። ወይ ደግሞ ከመነሻው ችግኞቹ ሲተከሉ ተቀያይረዋል። ያ ከሆነ ጠንካራ ያልኩት ደካማው ነው፤ ገበሬዎቹ የሚሰጣቸውም የሚሞተው ነው። ማሳው ላይ ያሉት ሌሎች ሠራተኞች አዲስ ናቸው፤ የሚያውቁት ካርታውን ብቻ ነው። ቅጠሉን አይቶ ሊፈርድ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከመስከረም ወዲህ አላገኘኋቸውም ነበር። አንዴ «ስልኩ ተበላሽቷል»፣ አንዴ «ቅዳሜ አልመጡም»፣ አንዴ «ጆሯቸውን ትንሽ ያማቸዋል» ይሉኛል። እኔም በራሴ ጣጣ ተጠምጄ አልመረመርኩም። አሁን ግን ለበረከት ደውዬ፣ አረካ ሄደህ ይህንን ጠይቅልኝ አልኩት። ሁለቴ አስደገምኩት። ከሁለት ቀን በኋላ በድምፅ መልእክት መለሰልኝ።

«አግኝቻቸዋለሁ። ልክ ነው ብለዋል፤ ሁሉም እንደ ካርታው ነው። ምንም እንዳትጨነቅ፣ ትቀጥል ብለዋል።»

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለራሴ ሩዝ ቀቀልኩ፤ ከቤት የተላከልኝን የመጨረሻ የዳጣ ማባያ ከፈትኩ። ሦስት ጊዜ እንደ ጎረስኩ ማንኪያዬ ቆመ። ጋሽ ማዳልቾ? «ምንም እንዳትጨነቅ»? በረከትን ደግሜ ደወልኩለት።

«ማሳው ሄደው አይተው ነው?»

«አዎ… ማለቴ፣ ያውቁታል እኮ። እሳቸው ነው የተከሉት።»

«አይተው ነው ወይ?»

«ኧረ ተይኝ! ልክ ነው አሉ አልኩሽ!»

እውነት ለመናገር ሞት አልጠረጠርኩም። በረከት ሰነፍ ነው፤ አረካ ሳይሄድ ከሱቁ ሆኖ የመለሰልኝ መሰለኝ። ግን አንድ ነገር እርግጠኛ ሆንኩ፤ ያ መልስ የጋሽ ማዳልቾ አይደለም። እሳቸው ቢሆኑ «ቆይ ልይ» ይሉ ነበር።

በማግስቱ አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ። ነገሩን አስረዳኋት፤ ሰማችኝና «ስህተት ነው ያለሽ ሰው አለ?» አለችኝ።

«የለም። ልክ ነው ያለኝ ሰው ግን ማሳውን አላየም።»

«ስለዚህ አናውቅም» አለች።

«አናውቅም።»

ሰባተኛውና ስምንተኛው መስመር ከጽሑፌ ወጡ። በላያቸው አንድ መስመር ተሰመረ፤ ከጎኑ «አልተረጋገጠም» ተባለ። የችግኙም ማከፋፈል እንዲቆም ጻፍኩ። ሰኔ ላይ ልመረቅ የነበርኩት ለሌላ ዓመት ተላለፍኩ። ይህንን ለእናቴ ስነግራት ስልኩ ላይ እንደ ለቅሶ ቤት አለቀሰች። ምን ያህል ብትጓጓ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ለካ እሷ የሰው ሞት በሆዷ አፍና የያዘችው በጊዜዬ እንድጨርስ ብላ ነው።

ሚያዝያ ላይ አገሬ የገባሁት ሁለቱን መስመሮች ከጋሽ ማዳልቾ ጋር ቆሜ ላያቸው ነበር። በምትኩ መርዶ ጠበቀኝ። በሦስተኛው ቀን በረከትን ይዤ ለቅሶ ልደርስ አረካ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አላናገርኩትም። የሞተ ሰው መልስ ፈጥሮ እንደላከልኝ ገብቶኛል፤ እሱም እንደገባኝ ያውቃል።

የጋሽ ማዳልቾ ባለቤት እትዬ ጌጤ በር ላይ ተቀበሉኝ። ተቃቅፈን አለቀስን። ከወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ከጊፋታ፣ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው የሞቱት፤ ሶዶ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ለቅሶው በረድ ሲል እትዬ ጌጤ ዓይናቸውን ጠርገው ትኩር ብለው አዩኝ።

«ያቺን ነገር አረምሽ?»

«የቷን እትዬ?»

«የሰባትና የስምንቱን ነዋ!»

ከመነሻው ነገሩኝ። ክረምቱን እንሰቱ ሲያድግ የሁለቱ መስመሮች የቅጠል መሐል ዘንግ ቀለም ተለያየ። ጋሽ ማዳልቾ አዩት። ያን ቀን ቤት ገብተው እራት አልበሉም። «እጄ ተሳስቷል» አሉ፤ ሁለቱ ችግኞች በሁለት ጆንያ መጥተው ራሳቸው ናቸው አገላብጠው የተከሏቸው። እስኪረጋገጥ ብለው ደጋግመው ሲያዩ ሰነበቱ። እርግጠኛ ሲሆኑ ደግሞ እሳቸውን ሕመም ጣላቸው። ሆስፒታል ሆነው በረከትን አስጠሩት። ማንም ያልደረሰበትን፣ ማንም ሊደርስበት የማይችለውን የራሳቸውን ስህተት በአልጋ ላይ ሆነው ለእኔ ላኩት።

«በረከት ነግሬያታለሁ፣ ትመልሳለች አለን» አሉ እትዬ ጌጤ። «ከዚያ ማዳልቾ በየቀኑ ይጠይቀኛል። 'መለሰች?' ይለኛል። 'አልመለሰችም' እለዋለሁ። በየቀኑ። መናገር ሲያቅተው እንኳ በዓይኑ ይጠይቀኛል።»

ወደ በረከት ዞርኩ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል።

«እንደዚያ መሆናቸውን ብትሰሚ ትምህርትሽን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ ነው» አለ። «ስትጨርሺ ልነግርሽ ነበር። ከዚያ ሞቱ። ጥር ላይ ስትጠይቂኝ… 'ተቀያይሯል ብለዋል' ብልሽ 'አገናኘኝ' ትይኛለሽ። ከየት አምጥቼ ላገናኝሽ? ለዚያ ነው 'ልክ ነው ብለዋል' ያልኩሽ።»

ልጮኽበት ተነስቼ ነበር፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሆስፒታል ተኝተው መልሴን ሲጠብቁ እኔ ኖርዌይ ሆኜ «ሰላም በይልኝ» እላለሁ። ይህንን የምሸከምበት ትከሻ የለኝም።

«እትዬ» አልኩ በመጨረሻ። «አርሜዋለሁ። ሁለቱንም መስመር አውጥቻቸዋለሁ። ለገበሬው የሄደ አንድም ችግኝ የለም።»

እትዬ ጌጤ አንዴ እኔን፣ አንዴ በረከትን አዩ። «እሱ ልክ ነው ካለሽ በኋላ?»

«አዎ።»

«ማን ነገረሽ ታዲያ?»

«ማንም። ጋሽ ማዳልቾ ሳያዩ ልክ ነው አይሉም።»

«ጦሶ!» ብለው በወላይትኛ ፈጣሪን ጠሩ። ከዚያ በእንባቸው መሐል ሳቅ አመለጣቸው። «አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ሳይቀምስ ጣፈጠ ብሎኝ አያውቅም!» ሳቃቸው ወዲያው ወደ ለቅሶ ተመለሰ፤ እኔም በረከትም አብረናቸው አለቀስን።

ጥቂት ቆይተው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። በጓሮ በር ወጡ። መቃብሩ ከእንሰቱ በታች፣ የቤተሰቡ መሬት ላይ ነው። በርቀት ተከተልኳቸው። እትዬ ጌጤ መቃብሩ አጠገብ ሲደርሱ ጎንበስ አሉና፣ ጆሮው ለከበደ ሰው እንደሚነገር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«ማዳልቾ» አሉ፣ «መለሰች።»